ክፍት የማያድር ቱቦ

ልጆቼ፣ መኪናዋን መጀመሪያ ያያት ከካባው ድንጋይ ጭኖ የሚወርድ የገልባጭ ሹፌር ነው። ጠዋት ነበር። አቀበቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጥቁር ጭስ ተመለከተ። አሮጌ ጎማ የሚያቃጥሉ መሰለው። ጠጋ ሲል ግን አንዲት ቀይ መኪና ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተላትማ ከፊቷ ትነድዳለች፤ ከውስጧ ደግሞ የሰው እጅ መስኮቱን ይመታል።

ሹፌሩ ጀሪካኑን ይዞ ሮጠ። ውሃውን ደፋ፣ አሸዋ በተነ፣ በሩን ጎተተ። በሩ ግንቡ ላይ ተጣብቋል፤ እሺ አላለውም። የእጁ ቆዳ እስኪላጥ ጎተተ። ሌሎች ሰዎች ደርሰው እሳቱ ወደ ኋላ ሳይዘልቅ ቢያጠፉትም፣ ለሰውየው ግን አልደረሱለትም።

"ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይል ነበር" አለ ሹፌሩ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። "ከዚያ ዝም አለ። ይኸው ነው የማውቀው እህቴ።"

እህቴ ያላት መርማሪዋን ነው። ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ስለ መኪና የምታውቀው ቁልፍ ማዞርና ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። አለማወቋን ግን አታፍርበትም፤ ያልገባትን እስኪገባት ትጠይቃለች። አብሯት ያለው ሳጅን አጭር፣ ድቡልቡል ያለ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ያን ቀን እሱም ቀልድ አልመጣለትም።

የሞተውን ሰው አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። በቁመቱ ምክንያት ዘንጉ ይሉት ነበር፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የለመደ ሰው። በአቀበት ላይ በሚደረገው የመኪና ውድድር ስሙ የሚጠራ ነጂ ነበር። በቅርቡ ለሚመጣው ውድድር መኪናው ላይ ቱርቦ አስገጥሞ፣ የመጀመሪያ ሙከራውን ሊያደርግ መውጣቱ ነበር።

ሳጅኑ የከሰለውን ሞተር እያየ፣ "እሳቱ የተነሳው ከዚህ ነው" አለ። "ቱርቦው ሲሠራ እንደ ፍም ይቀላል አሉ። በላዩ ላይ ነዳጅ ከፈሰሰ አለቀ።"

ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚያመጣው የብረት ቧንቧ ጫፉ ራቁቱን ቀርቷል። ከሱ ጋር ተያይዞ የነበረው የጎማ ቱቦ ነዶ አመድ ሆኗል። ከቧንቧው ሥር አንዲት የጠቆረች ቀለበት ወድቃለች፤ መካኒኮች ፋሼታ የሚሏት፣ ቱቦን አንቃ የምትይዝ የብረት ማሰሪያ ናት። መርማሪዋ በመሐረብ አነሳቻትና ኪሷ ከተተቻት።

*

መኪናዋ የተሠራችበት ጋራዥ የዘንጉ አማት ንብረት ነው። ሰውየውን ጋሽ ጆሮ ይሉታል። የሞተርን በሽታ በጆሮው ስለሚለይ ነው የወጣለት ስም፤ ኮፈኑ ሳይከፈት ቆሞ ያዳምጥና "ሦስተኛው ፒስተን ነው የሚያስለው" ይላል፣ ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል።

መርማሪዋ ስትገባ ሽማግሌው ከአንድ አሮጌ መኪና ላይ ቱቦ እየፈታ ነበር።

"ነፍስ ይማር ጋሽዬ" አለችው።

"አሜን ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ይንቀጠቀጣል።"

"አማችዎ ነበር።"

"የልጄ ባል ነው። በዚህ ጠዋት ልጄን መበለት አደረጋት።"

"ሲወጣ እርስዎ እዚህ ነበሩ?"

"ነበርኩ። ከሄደም በኋላ እዚሁ ነኝ። አንድ የዳቦ መኪና ነጂ ፍሬን ሊያስጠብቅ መጥቶ አብረን ነበርን፤ ጠይቂው።"

ጠየቀችው፤ እውነት ነበር። ሽማግሌው እያወራ የፈታውን ቱቦ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወተፈው፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ ጠመዘዘና ወደ ውስጥ አጠፈው። የሌላኛውንም አፍ እንዲሁ። ዓይኗ እጁን መከተሉን አይቶ ደከም ብሎ ፈገግ አለ።

"የቱቦ አፍ ክፍት አያድርም ልጄ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ሞተር ትበላለች። እዚህ ያለውን ሰው አስተምሬ አስተምሬ ሰለቸኝ፤ እሱ የራሱንም አፍ መዝጋት አልቻለም።"

"ማንን ነው?"

ሽማግሌው መልስ ከመስጠቱ በፊት ቱቦውን መሳቢያው ውስጥ በቦታው አስቀመጠ።

"የነዳጁን ቱቦ የገጠመውን ነው" አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

*

የነዳጁን ቱቦ የገጠመው ምላሱ የሚሉት መካኒክ ነው። ካወራ አያቆምም፤ ሲፈራ ደግሞ ይብስበታል።

"ኢንስፔክተር፣ በእናቴ እምላለሁ፤ አጥብቄ ነው ያሰርኩት! ማታ ሞተሩን አስነስቼ በእጄ ዳስሼዋለሁ። እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው። ጠዋት እኔ ስደርስ ሰውዬው ወጥቷል።"

"ባለፈው ሰሞን 'አንድ ቀን ትቃጠላለህ' ብለህ ጮኸህበታል ይላሉ።"

"ብያለሁ! ግን ለምን እንዳልኩ ለምን አይነግሩሽም? ቱርቦ ምንድን ነው? አየር ወደ ሞተሩ በጉልበት የሚያጎርስ ነፋስ ነው። አየሩ ከበዛ ነዳጁም መብዛት አለበት። ካነሰ ሞተሩ በደረቁ ይነድና ፒስተኑ ይቀልጣል። ዘንጉ ደግሞ በፋብሪካው ፓምፕ ይበቃኛል አለኝ። በሕፃን ጡጦ በሬ ልታጠጣ ነው ወይ አልኩት። ትቃጠላለህ ያልኩት ስለ ሞተሩ ነው!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጋሽ ጆሮ እኔን ደግፎ ትልቁ ፓምፕ ተገዛ። ትልቅ ፓምፕ ትልቅ መብራት ይጠጣል፤ የድሮዋ ቀጭን ሽቦ አትችለውም። ስለዚህ ጋሽ ጆሮ ራሱ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው እስከ ታንኩ በምንጣፉ ሥር ዘረጋ። የነጂውን ወንበር አውልቆ፣ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዝም አለ። 'ጋሽዬ ወገብዎን ነው?' ስለው አይመልስልኝም።"

መርማሪዋ ይህን ሰማች፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮዋ ላይ አልቀረም።

የጣቢያው አዛዥ ብዙ መስማት አልፈለገም። "ተጣልቷል፣ ዝቷል፣ ቱቦውን የገጠመው እሱ ነው። ምን ቀረሽ?" አለና ምላሱን አሳሰረው። ሳምንቱ ሳያልቅ ክሱ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል አለ። ነፍስ ማጥፋት ነው፤ ከገባ ዕድሜው እዚያው ያልቃል። የምላሱ እናት ከጣቢያው አጥር ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ከፖሊሶቹ ማንንም አትለምንም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብቻ ትነሳለች።

*

መርማሪዋ ግን መለዋወጫ ሻጩ ዘንድ ሄደች። ሐሰተኛ ፓምፕ ሸጦ እንደሆነስ ብላ ነው። ከኋላ ያለው ታንክ ስላልነደደ ፓምፑ ደህና ነበር፤ በፌስታል አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ነጋዴው ደረቱን ነፋ። "የኔ ፓምፕ? ዝሆን ያጠጣል የኔ እመቤት!"

"እንግዲያው ሲያጠጣ አሳየኝ።"

ጓሮ ወስዶ መኪና ላይ ገጠመው። የነዳጅ ግፊት የሚያሳየው ሰዓት መሳይ ጌጅ ተሰካ። ሞተሩ ተነሳ፤ የጌጁ ቀስት ወደ መሐል ወጥታ ረጋች። ፓምፑ ደህና ነው። የነጋዴው ወዝ ተመለሰ።

"ይቺ ቀጭን ቱቦስ ምንድን ናት?" አለች መርማሪዋ፣ ነዳጁ መስመር ላይ ካለች ክብ ብረት የምትወጣ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነች ቱቦ እያሳየች።

"ክቧ ብረት የግፊት መቆጣጠሪያ ናት። ቀጭኗ ቱቦ ደግሞ ወሬ አቀባይዋ። ቱርቦው አየር ሲነፋ ነዳጁ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ አየሩ ፊት ለፊት ይገፈትረዋል። ስለዚህ አየሩ በገፋው ልክ ነዳጁም መግፋት አለበት። ቱቦዋ 'አየሩ ይህን ያህል ገፍቷል' ብላ ትናገራለች፣ መቆጣጠሪያዋ ነዳጁን በዚያው ልክ ታበረታለች። ተመልከቺ።"

የብስክሌት ጎማ መንፊያ በቀጭኗ ቱቦ ላይ ሰክቶ ነፋ። የጌጁ ቀስት ተንቀጠቀጠችና ሽቅብ ወጣች። መንፋቱን ሲተው ወረደች።

መርማሪዋ መነጽሯን ከዓይኗ ላይ አወረደች።

"እንግዲህ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። አቀበት ላይ ተረግጦ ቱርቦው ሲነፋ ነው ከፍ የሚለው።"

"ልክ ነሽ።"

"ደካማ ቱቦ ቢሆን፣ ጋራዥ ውስጥ ጠብ ሳይል አቀበቱ ላይ ሊፈተለክ ይችላል?"

ነጋዴው መንፊያውን ከቱቦዋ ነቀለ። "ያን የሚያውቅ ሰው ከሆነ…" አለና አልጨረሰውም።

ሲመለሱ ሳጅኑን እንዲህ አለችው፦ "ጠዋት ማን የት ነበር እያልን ስንደክም ከረምን። ይህ ወጥመድ ባለቤቱ እንዲጠብቀው አይፈልግም። አቀበቱ ራሱ ይጠብቅለታል።"

*

ምላሱን በእስር ቤቱ ግድግዳ ሥር ኩርምት ብሎ አገኘችው። ያ ሁሉ ወሬ አልቆበታል። ፋሼታዋን ከመሐረቡ አውጥታ አሳየችው።

"ከቧንቧው ሥር ያገኘሁት ይቺን ነው።"

ተቀብሎ አገላበጣት። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"አንድ ብቻ?"

"አንድ ብቻ።"

"እኔ ለነዳጅ ሁልጊዜ ሁለት ነው የማስረው። ደግሞ ይቺ የኔ አይደለችም። ይቺ ሰፊዋ ናት፤ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ማሰሪያ።" ድምፁ ተሰበረ። "ኢንስፔክተር፣ የኔን ቱቦ አውልቆ የውሃ ጎማ ገጥሞበታል! የውሃ ጎማ ነዳጅ ሲነካው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል። ሰው ሆን ብሎ ነው!"

"ያንተ ቱቦ የት ይገኛል?"

"እኔ ምን አውቄ? ሌባ ቢሆን ወንዝ ነው የሚጥለው።"

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሌባ ቢሆን እውነትም ወንዝ ይጥለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ የኖረ ባለሙያ ግን ደህና ዕቃ መጣል አይሆንለትም። ልቡ ክፋት ሲያስብ እንኳ እጁ የለመደውን ይሠራል።

መርማሪዋ ጋራዡ ተመልሳ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ጋሽ ጆሮ ከመኪናው ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። የነዳጅ ቱቦዎች ካሉበት መሳቢያ ውስጥ፣ ከሁሉም በታች፣ አንዲት አጭር አዲስ ቱቦ አገኘች። ሁለት ጠባብ ፋሼታዎች በወገቧ ላይ ተንጠልጥለውባታል። ሁለቱም አፎቿ በንጹሕ ጨርቅ ተወትፈዋል፤ የጨርቁ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ቱቦዋን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻትና ወጣች።

"ማን እንደሆነ አወቅን እኮ አለቃ" አለ ሳጅኑ በውጭ። "ለምን አልያዝነውም?"

"ሰው የልጁን ባል በምን ምክንያት ይገድላል? ይህን ሳላውቅ አልነካውም።"

*

የዘንጉ ሚስት ቤቷ ውስጥ መጋረጃዋን ዘግታ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደርቋል።

"ወንድምም ነበረሽ አሉኝ።"

"ታናሼ ነው። ጠጠር ነበር የምንለው፤ አጭር ስለነበር። ከኔ እንኳ ያንስ ነበር። አምና ሞተ። በዚያችው በቀይ መኪና። እሱ ሲነዳ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ሕፃን ገጭቶ፣ ከዚያ ከዛፍ ጋር ተላተመ። ባሌ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ተረፈ። ትራፊኮቹ የሱን ቃል ይዘው ዘጉት። የሕፃኗ እናት በጠጠር መቃብር ላይ ትተፋለች። አባቴ ያንን በዓይኑ አይቷል። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።"

መርማሪዋ የምላሱ ወሬ ትዝ አላት፤ ጋሽ ጆሮ ዝም ያለው የነጂውን ወንበር ካወለቀ ወዲህ ነው። "ወንድምሽ ሲነዳ እንዴት ነበር የሚቀመጠው?"

ሴትየዋ ጥያቄው ገርሟት አየቻት። "ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ስቦ፣ ከጀርባው ትራስ አድርጎ። እንስቅበት ነበር፤ መሪውን ሊበላው ነው እንል ነበር።"

መርማሪዋ ከዚያ ቀጥታ ወደተቃጠለችው መኪና ሄደች። የነጂው ወንበር ጨርቁ ነዶ ብረቱ ቀርቷል። ተንበርክካ ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ አየች። ሐዲዱ ተቆልምሟል፤ ወንበሩ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ፣ እስከ ጥግ ወደ ኋላ እንደሄደ ተቸንክሯል። ቁልምምቱ ውስጥ ያረጀ ዝገት አለ። ያሁኑ አደጋ ያመጣው አይደለም፤ የአምናው ነው። ከዚያ ወዲህ የነዳት ዘንጉ ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ሰው ደግሞ ወንበር ወደፊት መሳብ ስለማያሻው፣ ማንም ልብ አላለውም። አንድ ሰው ሽቦ ሊዘረጋ ወንበሩን እስኪያወልቅ ድረስ።

"ሳጅን፣ ግባና ተቀመጥ።"

"እኔን ነው? ጥላሸት እኮ ነው አለቃ…"

"ተቀመጥ። ፍሪሲዮኑን ርገጥ።"

ሳጅኑ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። ተንጠራራ። ጣቱ እንኳ አልደረሰም።

*

ጋሽ ጆሮ መርማሪዋ ስትገባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ቱቦዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

ሽማግሌው ቱቦዋን አያት። ጨርቁን አጣጥፎ አጠገቧ አኖረ።

"መጣል ነበረብኝ" አለ።

"ነበረብዎት።"

"አዲስ ነበረች ልጄ። አንዲት ቀን ብቻ የሠራች።"

"ምላሱ ነገ ክሱ ይሄድበታል። እናቱ አጥር ሥር ናት።"

"አይቻታለሁ። ሁለት ጊዜ እስከ ጣቢያው በር ሄጄ ተመልሻለሁ። 'ጋሽዬ፣ ልጄን ያውቁታል፣ ይመስክሩለት' አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። የኔን ልጅ የቀበሩት በሐሰት ነው። እኔ ደግሞ የሷን ልጅ በቁሙ በዚያው በሐሰት ልቀብረው ነበር። ምን ለየኝ ከዘንጉ?"

"ወንበሩን አይተውታል።"

"ሽቦ ልዘረጋ ወንበሩን ፈታሁ። ሐዲዱን ሳይ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ እግሩ አይደርስም። አይደርስም! ያችን ሕፃን የገደላት ዘንጉ ነው። አፉ በተዘጋ በሞተ ልጅ ላይ ጣለው።"

"ለኛ ለምን አልነገሩንም?"

"አንድ ጊዜ ዘግታችሁታል" አለ። ቁጣ የለበትም። ዝም ብሎ የሆነውን እንደሚናገር ሰው ነው።

ከዚያ የቀረውን ነገራት። ምላሱ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ቱቦዋን ለውጦ አደረ። ጠዋት ዘንጉ መጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ጋሽ ጆሮ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ከቱቦው ላይ አኖረ።

"መፍቻው በእጄ ነበር። መልሼ ልገጥመው ዝግጁ ነበርኩ። 'ልጄ' አልኩት፣ 'ያን ቀን ማን ነበር የሚነዳው? ለኔ ለብቻዬ ንገረኝ፣ ለማንም አልናገርም።' በመስኮቱ አንገቱን አወጣና ሳቅ አለ። 'አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎ፤ ጠጠር ነው' አለኝ። ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ፣ በዚያችው ወንበር ላይ! ኮፈኑን ዘጋሁት።"

በውጭ አንድ መኪና እያሳለ አለፈ። ሽማግሌው ሳያስበው ጆሮውን አቀና፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

"ሄዶ ሲጠፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። ደህና ነበር የሚሠራው። ጥሩ ሞተር ነበር።"

*

ምላሱ የተፈታ ቀን እናቱ አቅፋው አልለቅ አለች። ሲወጡ በር ላይ ፖሊሶች ጋሽ ጆሮን ወደ መኪና ሲያስገቡት አገኙ። ሽማግሌው እጁ ታስሯል። ጎንበስ ብሎ የእናቲቱን ጉልበት ሊስም ሲል ሸሸችው። ምላሱ እናቱን ደግፎ መንገዱን ለቀቀለት።

የሽማግሌው ልጅ ቆይታ መጣች። በጥቁር ልብሷ አባቷ ፊት ቆመች።

"እውነት ነው? ጠጠር አልነበረም የሚነዳው?"

"አልነበረም ልጄ። እግሩ አይደርስም።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለባሏ ያላለቀሰችውን፣ ዓመት ሙሉ ለወንድሟ ልታለቅስ ያፈረችውን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰች። ሽማግሌው በታሰረ እጁ ሊነካት ሞከረ።

"ለኔ ብትነግረኝ ኖሮ አባባ" አለች፣ እጁን ሳትይዝ። "ለኔ ብቻ ብትነግረኝ። አብረን ወደ ሕፃኗ እናት እንሄድ ነበር።"

ሳጅኑ ክንዱን ያዘና ወሰደው።

በማግሥቱ መርማሪዋ ማስረጃ ልትወስድ ጋራዡን አስከፈተች። ሽማግሌው ሲሠራባት የነበረችው አሮጌ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች፤ የነዳጅ ቱቦዋ ተፈትቶ አፉ ክፍት ነው። ምላሱ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አያት። ከዚያ ገብቶ ንጹሕ ጨርቅ ፈለገ፣ ወተፈው፣ ጫፉን ሁለት ጊዜ ጠመዘዘና ወደ ውስጥ አጠፈው።